ሲስተሮች ሆይ፣ «ጨዋ ልጅ» ብቻ አትስጡን

መቀሌ ውስጥ ለሴት ልጁ ትምህርት ቤት የሚያፈላልግ አባት ካጋጠማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «የሲስተሮች ትምህርት ቤት ለምን ይሻላል?» በሉት። ስለ ላብራቶሪው አይነግራችሁም። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም አያነሳም። ስለ እምነትማ ጭራሽ! «ሥነ ሥርዓት አላቸው፣ ልጅ ይቆጣጠራሉ፣ ጨዋ ሆና ትወጣለች» ይላችኋል። ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ልብ በሉ፣ ይህ አባት ካቶሊክ አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከትግራይ ሕዝብ 95.6 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር፣ 4 በመቶው ደግሞ ሙስሊም። ካቶሊኩ 0.4 በመቶ ብቻ ነው። አባትየው እሁድ ወደ ደብሩ፣ ወይም ዓርብ ወደ መስጊዱ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ግን ልጁን ለሲስተሮች ያስረክባል። ከሲስተሮቹ የሚፈልገው እምነታቸውን አይደለም፤ ቁጥጥራቸውን ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ጸብ ከዚህ ይነሳል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች «መንፈሳዊ ሕንጸት» እና «አገልግሎት» የሚሏቸው ሁለት ትልልቅ ቃላት አሏቸው። ገበያው ግን ከእነሱ የሚፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ የምትታዘዝ ልጅ። እኔ የምለው ደግሞ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቶቹ ገበያው የጠየቀውን ሲሸጡ የሚከስሩት ልጃገረዷም እምነቱም ናቸው። በተለይ ከጦርነት በኋላ ባለችው መቀሌ።

«ካቶሊክ ያደርጉብናል» ለምትሉ

መጀመሪያ አንድ የቆየ ክስ ከመንገዳችን እናንሳ። «እነዚህ ሰዎች በትምህርት ስም ልጆቻችንን ያስኮበልላሉ» የሚለውን።

ክሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በአገሩ ላይ ሲጭኑት የፈሰሰውን ደም ይህ ሕዝብ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1632 እሳቸው ራሳቸው የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ለልጃቸው ለፋሲል አልጋውን ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ጣሊያናዊው አቡነ ያዕቆብ (ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ) ዓድዋ ሲገቡ ያገኙት ይህንን ጥርጣሬ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ መንገድ መረጡ። የላቲኑን ሥርዓት አልጫኑም፤ በግዕዙ ሥርዓት ቀደሱ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ኖሩ።

መንግሥትም ቢሆን ዝም ብሎ አላያቸውም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይዞታ በሆኑት አካባቢዎች ሚሲዮኖች ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላሉ፣ ሰው ከእምነቱ ማስወጣት ግን አይችሉም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን የተረከቡት የካናዳ ኢየሱሳውያንም የመጡት በዚሁ መንፈስ ነው፦ አስተምሩ፣ አትስበኩ። ከእነሱ አንዱ የነበሩት ሉሲየን ማት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ ትምህርት ቤትና ከዚያ ኮሌጅ የወጣው ትውልድ ካቶሊክ ሆነ? አልሆነም። እንዲያውም ብዙው ማርክሲስት ሆኖ ቁጭ አለ!

እናላችሁ፣ ከአቡነ ያዕቆብ ወዲህ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ይኸው ትግራይ ውስጥ 0.4 በመቶ ናቸው። ሰው ማስኮብለል ሥራቸው ከሆነ በዓለም ላይ እንደነሱ ሰነፍ ሠራተኛ የለም ማለት ነው። ክሱን ዛሬ ይዛችሁ የምትዞሩ ወዳጆቼ፣ ሌላ ፈልጉ።

ውለታቸውን ደግሞ እንናገር

የምጨቃጨቀው ከማከብራቸው ሰዎች ጋር ስለሆነ ውለታቸውን ሳልናገር አላልፍም።

ዶን ቦስኮዎች (ሳሌዥያኖች) መቀሌ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የ77ቱን ረሃብ አብረውን አልፈዋል። የዚህች ከተማ ስንት ብየዳ ሠራተኛ፣ ስንት አናጺ፣ ስንት መካኒክ በእነሱ እጅ እንደወጣ የከተማው ሰው ያውቃል። ዓድዋ ላይ እህት ላውራ ጂሮቶና ጓደኞቻቸው፣ የሳሌዥያን እህቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኪዳነ ምሕረት ትምህርት ቤትን ከባዶ ሜዳ አንስተው ሐኪም ቤት ድረስ አድርሰውታል። መቀሌ ያሉት የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር እህቶች ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ባንክ ሲዘጋ፣ መብራትና ስልክ ሲጠፋ ከተማዋን ጥለው አልሄዱም። ተፈናቃዩ በየትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ሲተኛ እነሱ እዚያው ነበሩ።

ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች የሚያስተምሩትን ትምህርት ማንም ተራ የግል ትምህርት ቤት ከሚያስተምረው በላይ አድርጌ ብጠብቅ ይፈረድብኛል?

ጸሎት በሰልፍ፣ እምነት በቀሚስ ርዝመት

አሁን ወደ ቁምነገሩ።

ወላጅ ለምን እንዲህ ጨነቀው ካላችሁ ምክንያቱ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስት ያህሉ በወደቀበት አገር ወላጅ «ጠበቅ ያለ» የተባለ ትምህርት ቤት ፍለጋ ቢሯሯጥ ምን ይገርማል? ትግራይ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 ተዘጉ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ መጣ፤ ብዙው ልጅ ወደ ክፍል የተመለሰው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ከተፈረመ ከወራት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት! 9ኛ ክፍል ልትገባ ቦርሳዋን ያዘጋጀች ልጅ በሦስት ዓመቷ ታላቅ ሆና፣ አንዳንዷም አግብታ፣ አንዳንዷም ተሰዳ ተገኘች።

እሺ፣ ሥርዓት ያስፈልጋል። ግን ሥርዓትና እምነት አንድ ናቸው ያለን ማነው?

እንደው ለመሆኑ በብዙ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች (የካቶሊኩ ብቻ አይደለም) መንፈሳዊ ሕንጸት የሚባለው ምን ሆኖ ነው የሚደርሰን? ጠዋት በሰልፍ ላይ የሚነበነብ ጸሎት። የቀሚስ ርዝመት። የጥፍር ምርመራ። «ሴት ልጅ እንዲህ አትስቅም»። የግብረገብ ፈተና ላይ «ታዛዥነት ማለት ምን ማለት ነው? (5 ነጥብ)»። ልጅቷ አምስቱን ነጥብ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ስለ እግዚአብሔር የምታስታውሰው ነገር ቢኖር ቀሚስ የሚለካ መሆኑን ነው።

ይህ የእነሱ የራሳቸው ትምህርት እንኳን አይደለም። ዶን ቦስኮ በቱሪን ከተማ ለጎዳና ልጆች የሠሩት የማስተማሪያ ዘዴ ሦስት ምሰሶ አለው፦ ማስተዋል፣ እምነት፣ ፍቅራዊ ቅርበት። ቅደም ተከተሉን እዩት። አንደኛው ማስተዋል ነው። ለልጅ ምክንያቱን ንገራት፣ ትጠይቅ፣ ይግባት ማለት ነው። ቅጣት የመጨረሻው መጨረሻ ነው። የእኛ ወላጅ ግን «ሲስተር፣ እባክዎ ቆንጠጥ አድርጉልኝ» ብሎ የሚያስረክበው ምሰሶ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ሴቶቹ ቅዱሳንስ ቢሆኑ ታዛዥ ነበሩ እንዴ? የሲዬናዋ ካተሪና የጨርቅ ቀለም ነካሪ ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ አቪኞን ተደላድሎ ለተቀመጠው ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 11ኛ «ተነስ፣ ወደ ሮም ተመለስ» እያለች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1377 ሮም ገባ። ቤተ ክርስቲያኒቱም እ.ኤ.አ. በ1970 ካተሪናን ከመምህራን ተርታ አሰለፈቻት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ያለውን የማርያምን ጸሎትም አንብቡት። ኃይለኞች ከዙፋናቸው ስለመውረዳቸው፣ የተራቡ ስለመጥገባቸው የምትናገር የገጠር ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትሽኮረመም ልጅ አይደለችም።

«ንጽሕና» የምትሉትን ቃል ተጠንቀቁበት

አሁን የምናገረው ከባድ ነው፤ ግን ሳልናገረው ባልፍ የቀረው ሁሉ ጨዋታ ይሆናል።

በዚህ ጦርነት የትግራይ ሴቶችና ልጃገረዶች በብዛት ተደፍረዋል። የአምነስቲ የነሐሴ 2013 ሪፖርት ወጥቷል፣ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ጽፈውበታል፣ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች በዓይናቸው አይተውታል። ስለዚህ ዛሬ መቀሌ ውስጥ አርባና ሃምሳ ሴት ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ፊት ቆሞ «የሴት ልጅ ክብሯ ድንግልናዋ ነው» ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ መምህርም ይሁን ቄስ ወይም ሲስተር፣ ለማን እየተናገረ እንደሆነ ያስብ። ከፊቱ ማን እንደተቀመጠች አያውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ክፍሉ ሁሉ «ጨዋ» ይላታል፤ እሷ ግን በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ ጊዜ እየተጎዳች ነው።

ይህንን ጥያቄ ካቶሊካውያን ከማንም ቀድመው መመለስ ነበረባቸው፤ ምክንያቱም መልሱ ቤታቸው ውስጥ ከ1,600 ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጧል። ሮም እ.ኤ.አ. በ410 በጎቶች ስትዘረፍ ብዙ ሴቶች ተደፈሩ፤ አንዳንዶቹም መነኮሳት ነበሩ። ሰውም እነሱኑ ይወቅስ ጀመር። ያን ጊዜ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች አንዱ ያደረገው ይህንን ነበር። መልሱም ግልጽ ነበር፦ ንጽሕና የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው በኃይል የሠራው ኃጢአት የእሱ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ከእሷ የጎደለ ነገር የለም።

በቃ። አንድ መንፈሳዊ ሕንጸት እዚህ ከተማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ሊኖረው አይችልም። 9ኛ ክፍል ላይ፣ በግልጽ ቋንቋ፣ ለሁሉም ይነገር። ከዚህ ሌላ የሚሰጥ የ«ንጽሕና» ትምህርት ቢቀርብን ይሻለናል።

አገልግሎት ወይስ ተጨማሪ የቤት ሥራ?

ወደ ሁለተኛው ቃል እንሂድ፦ አገልግሎት።

ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳስ ይዞ ይወጣል። ሴቷ ልጅ ስትመለስ ጀሪካን ትይዛለች። ቡና ታፈላለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ የታመመ ካለ ታስታምማለች። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እርዳታ ለመቀበል የተሰለፈችው፣ እንጨት ፍለጋ የወጣችው፣ ተፈናቅለው የመጡ ዘመዶችን ያስተናገደችው እሷው ነበረች። አሁን ትምህርት ቤት ስትመጣ «ዛሬ የአገልግሎት ቀን ነው» ተብላ መጥረጊያ ይሰጣታል።

ኧረ በሕግ! ይህች ልጅ ማገልገል ከማንም በላይ ታውቃለች። ያልተማረችው መጠየቅን ነው። ያልተማረችው ለምን እንደምታገለግል፣ ማንን እንደምታገለግል፣ ማን ደግሞ እሷን ማገልገል እንደነበረበት ነው።

ሌላም ዓይነት አገልግሎት አለ፤ የፎቶው። በበዓል ሰሞን ዳቦና ሳሙና ተይዞ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ይኬዳል። ተማሪዎቹ ይሰለፋሉ፣ ተፈናቃዮቹም ይሰለፋሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ሰባ ካሬ መጠለያ ውስጥ ያለችው የዕድሜ እኩያቸው ምን ክፍል ላይ እንዳቋረጠች የጠየቃት የለም። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ሲደርስ ይመለሳሉ። የተቀየረ ነገር ቢኖር የካሜራው ጥራት ነው።

የታዘዘ አገልግሎትን አገራችን ታውቀዋለች። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር «እድገት በኅብረት» ብሎ ወደ ገጠር አዝምቷል። መሠረተ ትምህርት ያስተማረ አለ፣ ጉድጓድ የቆፈረ አለ። ግን ደርግ የረሳው ነገር ነበር። ገጠሩን በዓይኑ ያየ ወጣት ዝም አይልም። ብዙዎቹ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ፤ ጥያቄያቸውም ወደ ደርጉ ወደራሱ ዞረ። እውነተኛ አገልግሎት እንዲህ ነው። ሲጀምር የተራበ ያበላል፤ ሲቀጥል «ለምን ተራበ?» ይላል። ሁለተኛውን ጥያቄ የማያስከትል አገልግሎት ግማሽ ነው።

የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር አመሠራረት ራሱ ይህንን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1633 ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ ፓሪስ ላይ ሲጀምሩ፣ በዚያ ዘመን መነኩሲት ማለት በግንብ ውስጥ ተዘግታ የምትኖር ማለት ነበር። እነዚህ ሴቶች ግን «ገዳማችን የከተማው ጎዳናና የድሆች ቤት ነው» ብለው ወጡ። በዘመኑ ሚዛን «ጨዋ ሴት» የምታደርገው ነገር አልነበረም። ጨዋ ሆነው ቤት ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ መቀሌ ላይ እናያቸው ነበር?

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኛላችሁ። እኔ እንዲህ ይሁን እላለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለት ሰዓት አንዲት የተፈናቀለች ልጅ ሒሳብ ታስጠና። አንዲት፣ ስሟን የምታውቃት። የበዓል ጉብኝቱ ይቅር።

ልጅቷ ትምህርት ያቋረጠችው የወር አበባ መጠበቂያ ስላጣች ከሆነ፣ ተማሪዋ ያንን ጽፋ ለትምህርት ቢሮው ታስገባ። መልስ ካልመጣ ሁለተኛ ደብዳቤ ትጻፍ። ሲስተሯም አብራ ትፈርም።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት ይቅርና ተማሪዋ ሁለት ገጽ ትጻፍ፦ ምን አየሁ? ለምን እንዲህ ሆነ? ማን ነው ተጠያቂው? እኔስ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በቅንነት የመለሰች ልጅ የመንፈሳዊ ሕንጸት ትምህርቷን አልፋለች። ያልመለሰችው ደግሞ ጸሎቱን በቃሏ ብታንበለብለውም ገና ነች።

ጽዳቱስ? ጽዳቱን ወንዶቹም ያጽዱ።

የዘይነብና የአበባ ጉዳይ

ሦስተኛው ነገሬ ስለ ሕሊና ነው። ዘይነብ የምትባል ሙስሊም ተማሪና አበባ የምትባል ኦርቶዶክስ ተማሪ አሉ እንበል። ስሞቹ የኔ ናቸው፤ ልጆቹ ግን በየክፍሉ አሉ። ሁለቱም በሲስተሮች ትምህርት ቤት ይማራሉ። ጠዋት ጸሎት አለ። ዘይነብ ምን ታድርግ? አበባ በጾም ቀን የተዘጋጀው ምሳ የፍስክ ቢሆንስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ሁለቱንም ወገን አስቦላቸዋል። አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል። እዚያው ላይ ማንም ሰው በግዳጅ የእምነት ነፃነቱ ሊገደብ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ወላጅም ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ቫቲካንም ብትሆን ሌላ አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ እምነት በግድ እንደማይሆን አውጇል። በዚያው ዓመት ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ደግሞ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ለቤተ ክርስቲያኒቱ ልዩ ውድ ናቸው ብሏል። ወረቀቱ ሁሉ አለ ማለት ነው። የቀረው የሰኞ ጠዋቱ ሰልፍ ነው።

ይህ ነገር ጥቃቅን የሚመስለው ካለ ወደ አክሱም ይመልከት። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለ12ኛ ክፍል ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ አስታወቀ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። በጥር ወር መቀሌ ላይ ሰልፍ ተወጣ። ልብ በሉ፣ እነዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው! ሦስት ዓመት በጦርነትና በወረርሽኝ ያለቀባት ልጅ አራተኛውን በጨርቅ ምክንያት ልታጣ ነበር።

ለዚህ ነው የካቶሊክ ትምህርት ቤት እዚህ ጋ ወርቃማ ዕድል አለው የምለው። 0.4 በመቶ የሆነ ሰው አናሳ መሆንን ከማንም በላይ ያውቃል። ለዘይነብ በሩን ከነሒጃቧ የሚከፍት፣ በጸሎቱ ሰዓት «ከፈለግሽ ነይ፣ ካልፈለግሽ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው» የሚል፣ የአበባን ጾም የሚያከብር የሲስተሮች ትምህርት ቤት ለከተማው ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ሃይማኖትን በነፃነት መስጠት የሚችለው በራሱ የሚተማመን ብቻ ነው።

በራስ መተማመን ካላችሁ ደግሞ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ስለ ወለተ ጴጥሮስ አስተምሩ። አዎ፣ ስለዚያችው የሱስንዮስን አዋጅ አልቀበልም ብላ፣ የንጉሡ ሹም የሆነውን ባሏን ትታ፣ ከኢየሱሳውያኑ ጋር አንገት ለአንገት ስለተናነቀችው እናት። ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 ተጽፏል። ተማሪዎቻችሁ ካተሪናንና ወለተ ጴጥሮስን ጎን ለጎን ያንብቡ፤ አንዷ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ሆና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቷን የገሠጸች፣ ሌላዋ ንጉሥንም ካቶሊኮችንም እምቢ ያለች። ከዚያ በኋላ «ሕሊና ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸው ያስገርማችኋል።

«አንተ ምን አገባህ?»

ሦስት ዓይነት መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ካልጣመህ ልጅህን አትላክ» የሚል ነው። ይህ የሱቅ መልስ ነው። ሲስተሮቹ ሱቅ አልከፈቱም። ሱቅ ቢሆንማ ኖሮ በጦርነቱ ዘግተው ይሄዱ ነበር። በአገልግሎት ስም የቆመ ቤት በአገልግሎት ስም ይጠየቃል።

ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል። «ልጆቹ ከጦርነት ወጥተዋል፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው ጸጥታና ሥርዓት እንጂ ጥያቄ አይደለም» የሚል። በከፊል እውነት ነው። የተረበሸች ልጅ ደወሉ በሰዓቱ የሚደወልበት፣ መምህሩ የማይቀርበት፣ ማንም የማይጮህባት ቦታ ያስፈልጋታል። ይህን ሲስተሮቹ በደንብ ያውቁበታል፣ እደግፋለሁም። ግን ጸጥታ ያለው ክፍልና ዝም የተሰኘች ልጅ ይለያያሉ። በጦርነቱ ዝም እንድትል የተገደደች ልጅ የምትድነው መናገር ስትጀምር ነው። ሥርዓቱ ለዚህ እንድትደርስ ካላገዛት ምን ይሠራል?

ሦስተኛው የወላጅ ነው። «ጥያቄ ያበዛች ሴት ልጅ መጨረሻዋ አያምርም»። አባባ፣ እማማ፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያልጠየቁት መጨረሻቸው አምሯል? ደላላ «ሳዑዲ ጥሩ ሥራ አለ» ሲላት «የማን ቤት? በስንት? ወረቀቱ የታለ?» ያላለች ልጅ የት ደረሰች? በየመን በኩል ባሕሩ ላይ የቀሩት ልጆች ታዛዦች አልነበሩም? ልጃችሁን የሚጠብቃት ጨዋነቷ ይመስላችኋል። የሚጠብቃት «እምቢ» ማለት መቻሏ ነው። ይህቺን ቃል ደግሞ በልምምድ እንጂ በአንድ ቀን ማንም አይማራትም።

ለማሳጠር

አዲስ አበባ ናዝሬት ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው የካቶሊክ የሴቶች ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ሴቶች ሊያወጣ እንደሚችል ያውቃል፤ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ። ትግራይም ይህ ይገባታል። ግን እኔ ከውጤቱ በላይ እፈልጋለሁ። ሐኪም የሆነችው ልጅ ጓዳ ውስጥ የተደበቀችውን የተደፈረች ልጅ ያለ ነቀፋ የምታክም ትሁን። ጠበቃ የሆነችው የዘይነብን ጉዳይ የምትይዝ ትሁን። መሐንዲስ የሆነችው ጀሪካን ተሸካሚዋን ታናሿን የምታስታውስ ትሁን። ይህ የሚመጣው ከአምስት ነጥብ የግብረገብ ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ሲስተሮች ሆይ፣ ወላጅ መጥቶ «ጨዋ አድርጉልኝ» ሲላችሁ እሺ አትበሉት። «ጨዋ ሆና ነው የመጣችው፤ እኛ ደፋር እናደርጋታለን» በሉት። ልጁን ይዞ ከሄደ ይሂድ። የሚቀረው ይበቃችኋል።

ወላጆችም፣ በሚቀጥለው ምዝገባ ወረፋ ላይ ስትቆሙ ስለ ቀሚሱ ርዝመት መጠየቃችሁን ትታችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «እዚህ ትምህርት ቤት ልጄ እምቢ ብትል ማን ይሰማታል?» መልስ ያለው ቤት ካገኛችሁ፣ የሲስተሮችም ይሁን የመንግሥት፣ እዚያ አስመዝግቧት።

ቸር እንሰንብት።